ሬሳ የማትመርጠው ደብሪቱ

እትዬ ደብሪቱ ማረፏን የሰማሁት ከጀሞ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ስለ ዘይት መወደድ ሲያወሩ ቆይተው አንደኛዋ ድንገት፣ «ያቺ የነፋስ ስልኳ ሬሳ አጣቢ ሞተች አሉ፤ ሰማሽ?» አለች።

«የትኛዋ?»

«ረጅሟ ናታ፣ የምታነክሰው። ደርግን እንኳ ያልፈራችው።»

የምወርድበት ገና ሩቅ ነበር፤ ግን «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ረዳቱ «ማዘር፣ እዚህ መውረጃ የለም» እያለ ሲነጫነጭ በሩን ራሴ ከፍቼ ወረድኩ። ሀና ማርያም አካባቢ ከእህቷ ልጅ ጋር እንደምትኖር ስለማውቅ ቀጥታ ወደዚያ ሄድኩ። ስደርስ ግቢው ውስጥ ጠብ ነበር። የለቅሶ ቤት ጠብ ብዙ አይቻለሁ፤ ሰው በውርስ ይጣላል፣ በቀብር ቦታ ይጣላል። እንዲህ ያለውን ግን አይቼ አላውቅም። ሴቶቹ የሚጨቃጨቁት «እኔ ነኝ የማጥባት» በሚል ነበር። አንዷ «እናቴን ያጠበችልኝ እሷ ናት» ትላለች። ሌላዋ «ልጄን ከአስፋልት ላይ አንስታ የገነዘችልኝስ ማን ሆነና?» ብላ ትመልስላታለች። በመጨረሻ የእህቷ ልጅ ብቅ ብላ፣ «በቃ፣ ሁላችሁም ግቡ! እሷም ብትሆን ግርግር ነበር የምትወደው» አለች። ገባን። አንዷ ውሃ ስታቀብል፣ አንዷ ፎጣ ስትይዝ፣ በዚያች ጠባብ ክፍል እየተገፋፋን አጠብናት። እኔ የደረሰኝ እግሯ ነበር።

ቀብሯን ሌላ ሰው ይተርከው። እኔ መናገር የምፈልገው ስለ ኑሮዋ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ሁሉም አንገቱን በደፋበት ዘመን ቀና ብላ የምትሄድ አንዲት ሴት አብራኝ ነበረች።

የተዋወቅነው ነፋስ ስልክ በነበረ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ውስጥ ነው። ፋብሪካው ያኔ ተወርሶ የመንግሥት ሆኗል። ጎን ለጎን ቆመን ሳሙና በወረቀት እንጠቀልላለን። ግራኝ ስለነበረች ክርኖቻችን ቀኑን ሙሉ ይጋጩ ነበር። በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ትበልጣለች፤ በቁመት ደግሞ ከአብዛኞቹ ወንዶች። ስትስቅ አፏን አትሸፍንም። አለቃችን «ጓድ ደብሪቱ፣ ድምፅሽን ቀነስ» ሲላት «ማሽኑን ቀንሰውና እቀንሳለሁ» ትለዋለች።

ሬሳ ማጠብ እንዴት እንደጀመረች ያጫወተችኝ እዚያው ቆመን ሳሙና እየጠቀለልን ነው። አብዮቱ ሊፈነዳ በተቃረበበት ሰሞን አንዲት ጎረቤቷ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ደብሪቱ የሄደችው ለለቀስተኛ ወጥ የሚሠሩትን ሴቶች ልታግዝ ነበር።

«ሽንኩርት እየላጥኩ ሳለሁ ሴቶቹ በር ላይ ቆመው እርስ በርስ ይተያያሉ» አለችኝ። «አንዷ የሚጠባ ልጅ አለኝ ትላለች። አንዷ ደረቴን ያመኛል ትላለች። ሟቿ እዚያው ግድግዳው ሥር ተኝታ ይህን ሁሉ ትሰማለች። ትሰማለች አይደል? እኔ እንደዚያ ነው የመሰለኝ። አፈርኩላት። ቢላዋውን አስቀምጬ ገባሁ።»

«አልፈራሽም?»

«እንዴት አልፈራም? ግን ፊቷን አጥቤ ፀጉሯን ሳበጥረው፣ ያቺ በበሽታ ያለቀች ሴት ድሮ የማውቃትን ሆነች። እናቷ ገብታ አየቻትና "ልጄን መለስሽልኝ" አለችኝ። ስንት ዘመን ሳሙና ስጠቀልል ኖሬ፣ ሳሙና ለምን እንደተሠራ የገባኝ ያን ቀን ነው።»

ከዚያ በኋላ በሠፈሩ ሰው በሞተ ቁጥር ይጠሯት ጀመር። በተለይ ሌላው የሚጸየፈው ሬሳ ሲሆን። ቀን ይጠሯትና ይለማመጧታል፤ በማግስቱ ግን ቤታቸው ስትሄድ የምትጠጣበትን ብርጭቆ ለይተው ያስቀምጣሉ። ታውቅ ነበር። አንድ ቀን አንዷ ቤት ውስጥ ያን የተለየውን ብርጭቆ አንስታ፣ «ይኼ የኔ ነው አይደል? በሉ ይዤው ልሂድ፣ ቤቴም ብርጭቆ የለኝም» ብላ ይዛው ወጣች። ከዚያ ወዲያ በዚያ ብርጭቆ ነበር ቤቷ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ውሃ የምታቀርበው።

ባሏ ጋሽ ታዬ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ዝምተኛ መካኒክ ነበር። ጠጅ ቤት ውስጥ ጓደኞቹ «የሬሳ አጣቢዋ ባል» ብለው ስም አወጡለት፤ እሱም አልቻለውም። አንድ እሑድ እኔና እሷ ግቢዋ ውስጥ ልብስ ስናጥብ መጥቶ ፊት ለፊቷ ቆመ።

«ደብሪቱ፣ ዛሬ ይለይለት። በዚያ እጅሽ የሠራሽው ምግብ አልዋጥልኝ ብሏል። ወይ ሬሳውን፣ ወይ እኔን።»

እትዬ ደብሪቱ የያዘችውን አንሶላ ጨምቃ ሽቦው ላይ አሰጣችው። ጫፉን ሳብ ሳብ አድርጋ አስተካከለችና ዞር አለች።

«ታዬ፣ አንተ በገዛ እጅህ መታጠብ ትችላለህ። እነሱ አይችሉም።»

ሰውየው ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ እኔ ነበርኩ የማለቅሰው። እሷ ዓይኗ ቀልቶ፣ ግን ቀጥ ብላ ቁጭ አለችና «ሳሙናውን አቀብይኝ» አለችኝ። ከዓመታት በኋላ ሊታረቃት ፈልጎ ሽማግሌ ላከባት። ሽማግሌዎቹን በደንብ አብልታ አጠጥታ ሸኘቻቸው። በር ላይ ስትደርስ «ሲሞት አምጡት፤ እምቢ አልልም» አለቻቸው።

ስታጥብ ከሟች ጋር ትነጋገራለች። ውሃ እንዳቀብላት ጠርታኝ ብዙ ጊዜ ስለገባሁ ሰምቻታለሁ። «እስቲ ክንድሽን ስጪኝ... ጎሽ። አሁን ላዞርሽ ነው፣ አይዞሽ። ውሃው ሞቅ ብሏል፣ አትፍሪ።» ለለቀስተኛ የማታሳየውን ለስላሳ ድምፅ ለእነሱ ነበር ያስቀመጠችው። ያኔ ሳሙና ከገበያ ጠፍቶ ቀበሌ ሱቅ ሰው ተጋፍቶ የሚሰለፍበት ጊዜ ነው። እኛ ሠራተኞቹ የተሰባበረውን በድርሻ እንወስድ ነበር። እሷ የራሷን ልብስ በእንዶድ እያጠበች ድርሻዋን በሙሉ ለሬሳ ታስቀምጠዋለች። «እኔ ነገም እታጠባለሁ። ለእነሱ የመጨረሻቸው ነው» ትላለች።

ሃይማኖትም አትመርጥም። ከወላይታ የመጣ ሳሙኤል የሚባል የፋብሪካችን ባልደረባ ነበር፤ እሱም ባለቤቱም ጴንጤዎች ናቸው። ጸሎት ቤታቸው ታሽጎባቸው በየቤቱ ተደብቀው የሚጸልዩበት ዘመን ነው። ሚስቱ በወሊድ ሞተችበትና የሠፈራችን እድር ድንኳን ከለከለው። ደብሪቱ ግን ማርያምን የምትሳለም ኦርቶዶክስ ሆና ባልዲዋን አንጠልጥላ ሄደች። የእድሩ ዳኛ መንገድ ላይ አስቁሟት፣ «እዚያ ቤት ከገባሽ ከእድር ትሰረዣለሽ» አላት።

«ሰርዙኛ» አለችው። «እናንተ ቀብራችሁኝ ነው የምጸድቀው?»

ገብታ ስታጥብ ዘመዶቹ በሚቀጥለው ክፍል በሹክሹክታ ይዘምሩ ነበር። ጎረቤት ሰምቶ እንዳያስይዛቸው ፈርተው ነው። ደብሪቱ በመጋረጃው ብቅ ብላ፣ «ለሟቿ ከሆነ የምትዘምሩት፣ እኔ እንኳ ከዚህ አልሰማሁም። ከፍ አድርጉት!» አለቻቸው። ሳሙኤል ለቅጽበት አያት፤ ከዚያ ጎረቤት ይሰማል፣ ቀበሌ ይሰማል ሳይል፣ አንገቱን ቀና አድርጎ በወላይትኛ ዘመረ።

አሁን ወደዚያ ክፉ ጊዜ ልምጣ።

ከደብሪቱ ቤት አጠገብ ወይዘሮ አበበች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ትኖር ነበር። አንድ ልጅ ብቻ ነበረቻት፤ ሰላማዊት። ሁለተኛ ደረጃ የምትማር፣ ፀጉሯ ወገቧ የሚደርስ፣ በሠፈሩ ካለፈች ሰላም ሳትል የማትሄድ ልጅ። የአብዮት ጥበቃዎች የተቃውሞ ወረቀት በትነሻል ብለው ከቤቷ ወሰዷት። እናቷ ስንቅ ይዛ ከአንዱ እስር ቤት ወደ ሌላው ስትንከራተት ሰነበተች። ከዚያ አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስንሄድ ሰላማዊት መንገድ ዳር ተጥላ አገኘናት። ደረቷ ላይ «ቀይ ሽብር ይፋፋም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ጠብመንጃ ይዘው አጠገቧ ቆመዋል። ለሠራተኛ፣ ለተማሪ፣ ለአላፊ አግዳሚ ትምህርት እንድትሆን ነው። ማንሳት ክልክል ነው፤ ማልቀስም ክልክል ነው። ወይዘሮ አበበች ከመንገዱ ማዶ አጥሩን ተደግፋ ቆማ፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃዋለች።

እትዬ ደብሪቱ አይታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ፈርታ የሄደች መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይታ በአንድ እጇ ባልዲ፣ በሌላው ማበጠሪያና ቁራጭ ሳሙና ይዛ መጣች። ሰዉን ሰንጥቃ አልፋ ከሰላማዊት አጠገብ ተንበረከከች። መጀመሪያ ያደረገችው ወረቀቱን ከደረቷ ላይ አንስታ አጣጥፋ ወደ ጎን ማስቀመጥ ነው።

«ምን እያደረግሽ ነው አንቺ? ተነሺ!» ብሎ አንደኛው ጥበቃ ጮኸ።

«እያየኸኝ? ፊቷን እያጠብኩ ነው።»

«ተነሺ አልኩሽ! ይቺ አናርኪስት ናት!»

«ሞታለች እኮ ልጄ። የሞተ ሰው ምን ያደርጋችኋል ብላችሁ ነው በሁለት ጠብመንጃ የምትጠብቁት?»

ልጁ ጠብመንጃውን አቀባበለ። ድምፁ እስከ አጥሩ ተሰማ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። የእሷ ድምፅ ግን እንደ ሁልጊዜው ነበር። «ከጨረስኩ በኋላ ተኩስ። ግማሽ ፊቷ ታጥቦ ግማሹ በደም አይቀርም፤ ነውር ነው።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብላ፣ ሁላችንም እየሰማናት፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ውሃው ሞቅ ብሏል» አለቻት።

አልተኮሰም። ለምን እንዳልተኮሰ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለተኛው ጥበቃ የሠፈራችን ልጅ ነበር፤ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ቆመ። ደብሪቱ ሳትቸኩል ፊቷን አጠበች፣ ዓይኗን ከደነች፣ ያንን ረጅም ፀጉር አበጥራ ጎነጎነችው፣ ከነጠላዋ ቀድዳ አገጯን አሠረችላት። በዚህ መሃል ከኋላዬ አንዲት ሴት ነጠላዋን አወረደችና ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቃ፣ ለሐዘን እንደሚለበሰው አድርጋ መልሳ ለበሰችው። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ እኔ። ማልቀስ ነው እንጂ የተከለከለው ስለ ነጠላ የተባለ ነገር አልነበረም። በዚያ መንገድ የቆምን ሴቶች ሁሉ አንዲት ቃል ሳንተነፍስ ሐዘን ለበስን።

ሬሳዋን የጭነት መኪና መጥቶ ወሰደው፤ የት እንደጣሏት አልታወቀም። ደብሪቱን ቀበሌ ወሰዷት። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ደምሴ ራሱ ነው እጅና እግሯን አስጠፍሮ ወፌ ላላ ያስገለበጣት። የውስጥ እግሯ እስኪተለተል እያስገረፋት «ማን ላከሽ?» ሲላት «ፊቷ» አለችው። «ማን ነው የላከሽ?» «የልጅቷ ፊት ነው የላከኝ።» ሌላ ቃል አላገኘም። ከወራት በኋላ ሲለቋት በከዘራ ነበር የምትሄደው። ፋብሪካ ተመልሳ ከጎኔ ስትቆም፣ ውስጤ ያለውን ቁጣ መደበቅ አቅቶኝ «ምን አተረፍሽ? ሬሳዋን እንኳ ለእናቷ አልሰጡም» አልኳት።

«ሳትታጠብ አልሄደችም» አለችኝ። ሳሙናዋን መጠቅለል ቀጠለች።

ዓመት ሳይሞላ ጓድ ደምሴ በጠራራ ፀሐይ ከቢሮው ሲወጣ ተተኩሶበት ሞተ። ከሆስፒታል ከነደሙ ቤቱ አመጡት። ታላቅ ቀብር ይደረግለታል ተባለ። ጓዶቹ ጠብመንጃቸውን ይዘው በሩን ሞሉት፤ ሬሳውን የሚነካ ግን ጠፋ። ወንድ ሬሳ የሚያጥቡት የሠፈሩ ሰዎች አንዱ ታመምኩ አለ፣ አንዱ ገጠር ሄዷል ተባለ። የደምሴ ሚስት ሙሉነሽ ነጠላዋን ተከናንባ ደብሪቱ ቤት መጣች። እኔም እዚያው ነበርኩ። ሙሉነሽ ከደጁ አላለፈችም፤ እዚያው ደፉ ላይ ተንበረከከች።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ምን አፍ አለኝና እለምንሻለሁ...»

«ተነሺ። ውሃ አሙቂ፤ መጣሁ» አለቻት።

ሴትዮዋ እንደሄደች እኔ ፈነዳሁ። «ለዚህ ሰውዬ? እግርሽን እንዲህ ላደረገው? ይበስብስ!»

ደብሪቱ ከዘራዋን ፈልጋ አነሳች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «ሬሳ የሚመርጡት እነሱ ናቸው። ይኼ ይለቀስለታል፣ ያቺ አይለቀስላትም የሚሉት እነሱ ናቸው። እኔም ከመረጥኩ እኮ አሸነፉኝ።» ባልዲውን ወደ እኔ ገፋችው። «በይ ያዢልኝ፤ ከከዘራ ጋር አይመቸኝም።»

ደምሴ ቤት ስንደርስ ጓዶቹ ካኪ ልብስና ቀይ ጨርቅ ይዘው ሬሳው ክፍል ውስጥ ቆመዋል። አንዱ ካድሬ ጸሎት የሚባል ነገር እንዳይኖር፣ ቶሎ እንዲያልቅም ማዘዝ ሲጀምር ደብሪቱ በከዘራዋ በሩን አሳየችው። «እርቃኑን ልታዩት ነው? ወንድማችሁ አይደለም እንዴ? ውጡ!» እየተንጋጉ ወጡ። ከሚስቱ ጋር ሆነን አጠብነው። ለእሱም እንደ ሌላው ሁሉ «ክንድህን ስጠኝ፣ ጎሽ» አለችው። ሲያልቅ ሙሉነሽ የባሏን ግንባር ስማ፣ ከዚያ ዝቅ ብላ ያን የተተለተለ የደብሪቱን እግር ልትስም ስትል ደብሪቱ በትከሻዋ ይዛ አስነሳቻት።

ድንኳን ተተከለ። ቀበሌው ነዋሪው በሙሉ ለቅሶ እንዲደርስ በድምፅ ማጉያ አስለፈፈ፤ ለታላቁ ታጋይ የማያለቅስ ፀረ አብዮት ነው ተባለ። ሰዉ መጣ። ተደርድሮ ተቀመጠ፤ ዓይኑ ግን ደረቅ ነበር። ካድሬው በመሃል እየተመላለሰ «ምንድን ነው ዝምታው? አልቅሱ እንጂ!» ይላል። በዚህ ጊዜ እትዬ ደብሪቱ በከዘራዋ እያዘገመች ገባች። በክንዷ የደገፈቻት ወይዘሮ አበበችን ነበር። በመሃል አሳልፋ፣ ሙሉነሽ ከተቀመጠችበት ፍራሽ አጠገብ ወሰደቻት።

«አበበች» አለቻት፣ ሁሉም በሚሰማው በዚያ የፋብሪካ ድምፅዋ። «አልቅሱ ተብሏል። አልቅሺ።»

ወይዘሮ አበበች መጀመሪያ የገባት አልመሰለኝም። ዙሪያውን አየች። ጠብመንጃዎቹን አየች። ከዚያ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደችና ደረቷን መታች።

«ሰላሜ!» አለች። «ሰላምዬ! ልጄን!»

ያ ጩኸት ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ጉሮሮዋ ውስጥ የቆየ ነበር። ከወዲያ ጥግ አንዲት እናት «ልጄ ግርማ!» ብላ ተነሳች። ሌላዋ «ወንድሜን!» አለች። በየቤቱ ትራስ ታቅፎ የተለቀሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ገነፈለ፤ ወንዶቹም ጭምር ጮክ ብለው አለቀሱ። እያንዳንዱ የራሱን ሰው ስም ይጠራል፤ የደምሴን ስም የጠራችው ሚስቱ ብቻ ናት። ሙሉነሽ ፊቷን በእንባ ታጥባ ቀና አለች፣ ወይዘሮ አበበችን አየቻት፣ ጠጋ ብላ ከፍራሹ ላይ ቦታ ለቀቀችላት። ሁለቱ ተቃቅፈው አለቀሱ።

ካድሬው ፊቱ አመድ መስሎ ደብሪቱ ዘንድ መጣ። «ምንድን ነው ይኼ? ለማን ነው የሚያለቅሱት?»

እትዬ ደብሪቱ ከዘራዋን ተመርኩዛ ከላይ ወደ ታች አየችው።

«አልቅሱ ብላችሁ የለም እንዴ?» አለችው። «እያለቀስን ነው።»

ለቅሶውን ያዘዘው እሱ ራሱ ነበርና ዝም በሉ ሊለን አልቻለም። ቆመ፤ እኛም ቀኑን ሙሉ አለቀስን።